አያት ያልረሱት ጠባሳ

የልጅ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሰሞን «የቤተሰባችሁን የዘር ሐረግ እስከ አራት ትውልድ ጽፋችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። እርሳሱን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «እማማ፣ ያንቺ አባት ማን ይባላል?» አለኝ። ነገርኩት። «የእሱስ አባት?» እሱንም ነገርኩት። በአባቴ ወገን ያለ ችግር ቅድመ አያቴ ላይ ደረስን። ከዚያ ወደ እናቴ ወገን ዞረ። የእናቴን እናት ስም ሰጠሁት። «የእሷስ እናት?» ሲለኝ ግን ዝም አልኩ።

አያቴ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። የእናታቸውን ስም ግን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ልጁ ቦታውን ባዶ ትቶት ወደ መኝታው ሄደ። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሙያዬ ነርስነት ነውና፣ ያን ሌሊት ሳስብ ያደርኩት የአንድ የሙያ አባታችንን ታሪክ ነበር። ዘራቸውን ያገኙት በአያታቸው ትውስታ ነው።

ስማቸው የተለወጠው ሕፃን

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ፤ አምባውም በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ የተለየ፣ ከሦስት እስከ አራት ዓመት የሚሆነው አንድ ሕፃን ወታደሮቹ እጅ ገባ። ኮሎኔል ቼምበርሌን የሚባል መኮንን ልጁን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ቼምበርሌን ሲሞት፣ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ከሁለቱ ሰዎች ስም ተውጣጥቶ «ቻርለስ ማርቲን» ተባለ። የአገሩን ቋንቋ ረሳ፤ እናቱ ያወጣችለትን ስምም ረሳ።

በዚያው ዘመቻ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስም ወደ እንግሊዝ ተወስዷል። የልዑሉን አባትና እናት ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እሱ ግን አገሩን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። ማን እንደሆነ የማይታወቀው ሕፃን ደግሞ አንድ ቀን ወደ አገሩ ተመለሰ።

ቻርለስ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1882 ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አጠናከሩ፤ በበርማም በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሐኪምነት አገለገሉ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት እሳቸው ናቸው። የአድዋ ጦርነት ወሬ በርማ ሲደርስ ግን ልባቸው አላርፍ አለ። ከአድዋ በኋላ ባሉት ዓመታት ባሕር ተሻግረው፣ በዘይላና በሐረር አቋርጠው አዲስ አበባ ገቡ። ድንኳን ተክለውም ሕመምተኛ ማከም ጀመሩ። አማርኛ ስለማያውቁ ከሰው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መምጣቱ በከተማው ሲወራ፣ ወሬው አንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ። እኚህ ሴት መጥተው «ይህ የጠፋው የልጅ ልጄ ነው» አሉ። ምልክትም ተናገሩ፤ አንድ ጠባሳ በግራ ክንዱ፣ አንድ ጠባሳ በቀኝ እግሩ። ሐኪሙ ገልጠው አሳዩ፤ ጠባሳዎቹ አሉ። ቻርለስ ማርቲን ስማቸው ወርቅነህ፣ አባታቸው እሸቴ መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም የማያውቀውን ምልክት አያት በልባቸው ይዘውት ኖረዋል።

ከዚያ ወዲያ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከአገራቸው አልተቆረጡም። እ.ኤ.አ. በ1901 ወደ ኦጋዴን በተደረገው ዘመቻ በሐኪምነት ተከትለዋል። ከእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1919 ጠቅልለው ገቡ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ጨርጨርን አስተዳድረዋል፤ ጣሊያን ሲወረን ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ተሟግተዋል። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሁለቱንም ገደሏቸው። አባት በዚያን ጊዜ ለንደን ነበሩ። በልጅነታቸው ጦርነት ከወላጆቻቸው ለያቸው፤ በእርጅናቸው ደግሞ ጦርነት ልጆቻቸውን ነጠቃቸው።

ይህን ሁሉ ዛሬ ልናውቅ የቻልነው ሐኪም ወርቅነህ የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ስለነበራቸውም ነው። ፒተር ጋሬትሰን የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፉ በዚያ ማስታወሻ ተጠቅመዋል።

እኔ ያልጻፍኩት

ይህን ታሪክ ሳስታውስ ሁልጊዜ ወደ 1977 ዓ.ም. እመለሳለሁ። የሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ነበርኩ። በሰሜን በነበረ አንድ መጠለያ ተመድቤ በረሃብ የተጎዱ ሕፃናትን እንከባከብ ነበር። ብዙዎቹ ከወላጅ ጋር መጡ፤ አንዳንዶቹ ብቻቸውን። መናገር ያልቻለ ወይም አቅም ያጣ ሕፃን ሲመጣ እኛው ስም አውጥተን ካርድ ላይ እንጽፍ ነበር። ክብደት እንጽፋለን፣ ቁመት እንጽፋለን፣ የተሰጠውን ወተትና መድኃኒት እንጽፋለን።

ከነዚያ አንዱ ሦስት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ ነበር። ሳጥበው ከጉልበቱ በታች የቆየ የእሳት ጠባሳ አየሁ። አየሁና አለፍኩ፤ ካርዱ ላይ አልጻፍኩትም። ልጁ ሲያገግም ወላጅ አልባ ሕፃናት ወደሚያድጉበት ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከወራት በኋላ አንዲት ባልቴት ከሩቅ በእግራቸው መጥተው የልጅ ልጃቸውን ጠየቁን። ስሙን ነገሩን፤ እንዲህ የሚባል ልጅ መዝገባችን ላይ የለም። «ጉልበቱ ሥር እሳት የበላው ምልክት አለው» አሉ። መዝገቡን ብናገላብጥ ምልክት የሚል ነገር የለበትም። እኔ ግን አስታወስኩ። አድራሻ ፈልገን ላክንላቸው፤ ይድረሱ አይድረሱ፣ ልጁም የእሳቸው ይሁን አይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የዚያ ልጅ ዕድሜ ዛሬ ከአርባ አልፏል። አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ እላለሁ።

ለዚህ ነው ወላጆችና አያቶችን «ጻፉ» የምለው።

ከየት እንጀምር?

ከሽማግሌ ጀምሩ። በቤታችሁ በዕድሜ የገፋው ሰው ዛሬ ጠዋት ጤነኛ ነው ማለት ለመስቀልም ይደርሳል ማለት አይደለም። ቡና አፍሉና አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ።

ስም ስትጠይቁ አንድ ስም አይበቃም። የእኛ ሰው የመዝገብ ስም፣ የክርስትና ስምና እናቱ የምትጠራው የቤት ስም ይኖረዋል። ቤተ ክርስቲያን በአንዱ፣ ቀበሌ በሌላው ያውቀዋል። ደግሞ አደራ፣ የሴቶቹን ወገን አትዝለሉ። ልጅ በአባት ስለሚጠራ የአባት ወገን ስም በስም ይያያዛል፤ የእናት ወገን ግን ካልተጠየቀ ይጠፋል።

«በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ብትሏቸው «ማን ቆጥሮት!» ሊሉ ይችላሉ። «ከማይጨው በፊት ነው በኋላ?» «ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ምን ያህል ነበሩ?» ብትሉ ግን መልስ ታገኛላችሁ። ውጭ አገር የተጻፈ ሰነድ ካገኛችሁም የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት አትርሱ፤ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆናል።

ሣጥኑን ክፈቱ። የግብር ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ ሜዳይ፣ የዘመቻ ወረቀት፣ ከጀርባው የተጻፈበት ፎቶግራፍ ሁሉ ይናገራል። በቤተሰባችሁ በጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ያከመ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ድሬሰር ካለ፣ የት እንደሠለጠነና ከየትኛው ጦር ጋር እንደነበረ ጻፉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር ሄዳችሁ የቆየ ጋዜጣና መዝገብ መጠየቅ ትችላላችሁ።

በመጨረሻ እንደ ነርስ ልናገር። ሐኪም «በቤተሰብ ስኳር አለ? ደም ግፊትስ? የጡት ካንሰር?» ብሎ የሚጠይቀው ለወግ አይደለም። እናቷ ወይም እህቷ በጡት ካንሰር የታመመች ሴት ቀደም ብላ መመርመር ሊያስፈልጋት ይችላል። ስለዚህ ከስሙ ጎን ሰውየው በምን እንደታመመና በስንት ዓመቱ እንዳረፈ ጻፉ። የሕፃናቱንም ምልክት ጻፉ፤ ማርያም የሳመችውን፣ የወደቀበትን፣ የተቃጠለበትን። ክፉ ቀን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ወደ ልጁ የቤት ሥራ ልመለስ። በማግስቱ ገጠር ላሉት ትልቋ አክስቴ ደወልኩ። እድሜያቸው ከዘጠና በላይ ነው፤ ጆሯቸው ደክሟል። ጥያቄዬን ሦስቴ ከጮህኩ በኋላ ትንሽ ዝም አሉና፣ «የመጠሪያ ስሟ ጠፋኝ ልጄ፤ በክርስትና ስሟ ግን ወለተ ማርያም ነበረች» አሉኝ። ከዚያ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ብለው ወቀሱኝ። እውነታቸውን ነው።

የልጅ ልጄ እርሳሱን ቀርጾ ባዶው ቦታ ላይ «ወለተ ማርያም» ብሎ ጻፈ። የመጠሪያ ስማቸውን ለመጠየቅ በሚቀጥለው ወር ይዤው አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሌላውን የሚያስታውስ ዘመድ ካለ እሳቸው ያውቃሉ።