ሰውነትን ስለሚያቀጥነው መርፌና ስለ ሰዎች አሳብ

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ሰውነቱ የሞላ ሰው እንደ ባለጸጋ ይቈጠር፣ የከሳ ሰው ግን ወይ ታሞአል ወይ ተቸግሮአል ተብሎ ይታዘንለት ነበር። ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ዘመዶቹ «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል» ቢሉት ደስ ይለው ነበር እንጂ አይከፋውም ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ይህ አስተያየት እየተለወጠ ሄዶአል። ማለዳ ከየካ ወደ እንጦጦ ኰረብታ የሚወጣ ሰው ለውጡን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው በእንጦጦ ፓርክ ሥጋቸውን ለመቀነስ የሚሮጡና የሚራመዱ ሰዎች ይታያሉ፤ በዚያው ተራራ ግን ድኾች ሴቶች 30 ኪሎና ከዚያም የሚበልጥ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው የዕለት እንጀራቸውን ለመግዛት ለብዙ ዘመን ሲወርዱ ኖረዋል። አንዱ የበላውን ለማቅለል የሚወጣበት ኰረብታ፣ ሌላዋ የምትበላውን ለማግኘት የምትወርድበት ነበር።

በዚህ መካከል አዲስ ነገር ከውጭ አገር መጣ፤ ይኸውም በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ በታች የሚወጋና የመብል ፍላጎትን የሚቀንስ መርፌ ነው። ስለዚህ መርፌ አንዱ ሲያመሰግን አንዱ ይነቅፋል፤ ነገር ግን ከማመስገንና ከመንቀፍ በፊት ነገሩን መመርመር ይገባል።

የመድኃኒቱ ስም ሴማግሉታይድ ሲሆን በገበያ ኦዘምፒክና ዌጎቪ ተብሎ ይታወቃል። መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው ለስኳር በሽታ ነው። ሰው በበላ ጊዜ አንጀቱ መጥገቡን ለአንጎል የሚያስታውቅ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ መድኃኒቱም ያንን በመምሰል ረኃብን ያበርዳል፤ ምግብም ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል፤ የደም ስኳርንም ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ ወገን ቀድሞ የተፈቀደው ኤግዜናታይድ የሚባለው መድኃኒት የተገኘው በአሜሪካ በረሓ የሚኖር፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚበላ መርዘኛ እንሽላሊት ተመርምሮ ነው። ስለ ሴማግሉታይድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2021 በታተመው ምርመራ 1,961 ሰዎች ተካፍለው ነበር፤ መድኃኒቱን የወሰዱት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ሲቀንሱ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት የቀነሱት 2.4 በመቶ ብቻ ነው። በ2023 የታተመውም ሌላ ምርመራ የልብ ሕመም ባለባቸው ወፍራሞች ዘንድ መድኃኒቱ ከባድ የልብና የአንጎል አደጋን በ20 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል።

መርፌውን የሚነቅፉ ሰዎች «ይህ የሰነፍ መድኃኒት ነው፤ ጾምና ሥራ እያለ መርፌ ለምን?» ይላሉ። ስንቱ የሚበላው አጥቶ ሳለ ረኃብን ለማጥፋት ገንዘብ መክፈልን እንደ ነውር ይቈጥሩታል። ይህ ነቀፋ ከበጎ ልብ የመጣ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጾም የተሠራው ሥጋን ለነፍስ ለማስገዛት ነው እንጂ ሰውን በሚዛን ለማቅለል አይደለም። ደግሞም ሥጋና ቅቤ ቢቀርም በዘይት፣ በዱቄትና በስኳር በጾም ወራት የሚወፍር ሰው አለ። ውፍረት ከትውልድ፣ ከበሽታና ከአንዳንድ መድኃኒት የሚመጣ መሆኑንም ሐኪሞች ያውቃሉ። እንግዲህ ወፍራሙን ሁሉ ሆዳም ማለት ፍርድ ማጉደል ነው።

በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ያለ ምርመራ ወደ መርፌው ይሮጣሉ። በኢትዮጵያ መርፌ ከቆየ ዘመን ጀምሮ ትልቅ ክብር አለው፤ ከሐኪም ዘንድ ክኒን ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው እንዳልታከመ የሚቈጥርበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ አንዳች ሕመም ሳይኖርበት ለሠርግ ቀን ወይም ለልብስ ማማር ብሎ ሊወጋ የሚፈልግ ይገኛል። ይህ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። መድኃኒቱ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ አልፎ አልፎም የሐሞት ከረጢትንና ቆሽትን ይጎዳል፤ ከስብ ጋር ጡንቻንም ይቀንሳል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም። መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በተመረመሩ ጊዜም ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው አግኝተውታል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚያዝ ሕክምና ነው እንጂ ለአንድ በዓል የሚሆን ጌጥ አይደለም።

መድኃኒትና እምነት ተጣሉ የሚል ክርክር ለእንጦጦ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት በእንጦጦ ማርያም ጠበል፣ የኤች አይ ቪ በሽታ በበረታበት ዘመን ብዙ ሕመምተኞች ከየአገሩ መጥተው ሰፍረው ነበር። በ1997 ዓ.ም. የበሽታው መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር፣ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል የመሰላቸው አንዳንዶች መድኃኒቱን ተዉ። በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሕመምተኛውም ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚችል በግልጽ አስታወቁ። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር የሚያስተምር መሆኑን ሊቃውንት ያውቁታል። በእርግጥ ውፍረት ሁሉ እንደ ኤች አይ ቪ አይደለም፤ የታመመ ሰው በመታከሙ ማፈር እንደማይገባው ግን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ኀፍረት ደግሞ አደጋ አለው። አንድ የየካ ሰው ንስሓ አባቱን ለማየት ወደ የካ ሚካኤል፣ ሐኪሙን ለማየት ደግሞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይሄድ ይሆናል፤ ለንስሓ አባቱ መርፌውን፣ ለሐኪሙም ጾሙን ከደበቀ ግን ሁለቱም በትክክል ሊመክሩት አይችሉም። በ55ቱ ቀን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው መርፌው ቢያስመልሰው ሰውነቱ ውኃ አጥቶ ኵላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ ጋር ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነም የደም ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን እስከ መሳት ሊደርስ ይችላል። አንድ የንስሓ አባት «ልጄ፣ የምትወስደው መድኃኒት አለን?» ብሎ በፍቅር ቢጠይቅ ይህን አደጋ ሊያስቀር ይችላል።

የመንግሥት ሹማምንትም ድርሻ ቀላል አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2022 ጀምሮ ለመቅጠን የሚገዙት ሰዎች ስለ በዙ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒቱን ለማግኘት ተቸግረው ነበር። በ2024 በሰኔ ወርም የዓለም ጤና ድርጅት ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ በልዩ ልዩ አገር መገኘቱን ገልጾ አስጠነቀቀ። መድኃኒቱ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በሻንጣ ተጥሎ የመጣ ወይም ከማይታወቅ ሰው እጅ የተገዛ መርፌ ግን እንዴት እንደ ቆየ ማን ያውቃል? በ2025 ድርጅቱ መድኃኒቱን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ባስገባ ጊዜ ያስቀደማቸው የስኳር በሽታ ከልብ ወይም ከኵላሊት ሕመምና ከውፍረት ጋር የተደራረበባቸውን ነው።

በኢትዮጵያም ተራው በዚህ ሥርዓት ሊጠበቅ ይገባል። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝና በታወቀ መድኃኒት ቤት ብቻ እንዲሰጥ ሹማምንት ይቈጣጠሩ፤ ቀድሞም ለታመመው ይድረስ። ካህናት ደግሞ የሚታከመውን ከማሳፈር፣ የሚቸኵለውንም ዝም ብሎ ከመተው ተቈጥበው ወደ ሐኪም ይምሩት። ጤና ያለው ሰው ግን የእንጦጦ ዳገት ያለ ገንዘብ የሚገኝ ሕክምና መሆኑን አይርሳ፤ ለመርፌ ሊያወጣው ካሰበውም ገንዘብ፣ በዚያ ዳገት እንጨት ተሸክመው ለኖሩት እናቶች ጥቂት ቢያካፍል ራሱም ጎረቤቱም ይጠቀማሉ።