ኢሌክቲቭ፦ የኤምቢኤ ተማሪ መርጦ የሚወስዳቸው ኮርሶች

በንግድ ሥራ አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ፣ በተለምዶ ኤምቢኤ በሚባለው፣ ተማሪው የሚወስዳቸው ኮርሶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ማንም የማይዘላቸው የግዴታ ኮርሶች ናቸው። ሌሎቹ ከቀረበ ዝርዝር ውስጥ ተመርጠው የሚወሰዱ ሲሆኑ፣ ተማሪውም መምህሩም «ኢሌክቲቭ» ይሏቸዋል። የግዴታዎቹ ከአዲስ አበባ እስከ ለንደን ብዙም አይለያዩም፤ የሒሳብ አያያዝ፣ የፋይናንስ አስተዳደር፣ ማርኬቲንግ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ኦፕሬሽን፣ ስትራቴጂ፣ የምርምር ዘዴ ሁሉም ጋ አሉ። አንድ ትምህርት ቤት የት አገር እንዳለና ማንን እንደሚያስተምር የሚያሳብቁት የምርጫ ኮርሶቹ ናቸው።

ተማሪ ኮርሱን ይምረጥ የሚለው ሐሳብ ከኤምቢኤ በዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1909 ሃርቫርድን የመራው ቻርልስ ኤሊየት፣ ተማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚማርበትን የቆየ ልማድ ሽሮ ምርጫን በሰፊው ያስገባ ሰው ነው። የመጀመሪያው የኤምቢኤ ፕሮግራም የተከፈተውም በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ እርሱ ሊሰናበት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር። እስከ ዛሬ እዚያ አንደኛው ዓመት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ከሞላ ጎደል ምርጫ ነው።

በኢትዮጵያ የሚመረጠው ከዚህ በጣም ያንሳል። አንድ ኮርስ እንደየፕሮግራሙ 2 ወይም 3 ክሬዲት ይይዛል፤ የምርጫዎቹም ቁጥር ከጠቅላላው ኮርስ ጥቂቱን ክፍል ብቻ የሚሸፍን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት መሠረታዊዎቹ ካለቁ በኋላ፣ ቲሲስ ከመጀመሩ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ የፋይናንስ አስተዳደርን ያልጨረሰ ተማሪ የኢንቨስትመንት ትንተና ክፍል ቢገባ ቀመር ገልብጦ ከመውጣት በቀር የሚያተርፈው የለም። የቲሲስ ርዕስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከእነዚህ ኮርሶች በአንዱ ከተሠራ የቡድን ሥራ ነው፤ ኮርሱን ያስተማረው መምህርም አማካሪ ሊሆን ይችላል።

በወረቀት ላይ ዝርዝሩ ረጅም ነው፦ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ዓለም አቀፍ ንግድ፣ ኢንተርፕሩነርሺፕ፣ የኢንቨስትመንትና ፖርትፎሊዮ አስተዳደር፣ የአቅርቦት ሰንሰለትና ሎጂስቲክስ፣ የጥራት አስተዳደር፣ የለውጥ አመራር፣ የንግድ ሥነ ምግባር። በተግባር ግን የትኛው እንደሚከፈት የሚወስነው ዲፓርትመንቱ ነው። መምህር ሲገኝና በቂ ተማሪ ሲመዘገብ ኮርሱ ይከፈታል፤ አምስት ስድስት ሰው ብቻ የፈለገው ይታጠፋል። ተማሪዎቹ ተመካክረው አንዱን በአብላጫ ድምፅ ሲመርጡና ዲፓርትመንቱ ለሁሉም ያንኑ ሲሰጥም ይታያል። ያን ጊዜ ኢሌክቲቩ፣ ስሙ ምርጫ ቢሆንም፣ ለተሸናፊው ወገን እንደማንኛውም የግዴታ ኮርስ ነው።

ሰዓትም የራሱ ድምፅ አለው። ከኤምቢኤ ተማሪዎች ብዙዎቹ በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በእርዳታ ድርጅት የሚሠሩ ናቸው፤ የሚማሩትም ከሥራ በኋላ ወይም ቅዳሜና እሑድ ነው። የማታው ክፍል ሲያልቅ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ያልፋል። በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚኖረው ተማሪ ከዚያ በኋላ ጦር ኃይሎች ደርሶ ወደ ቤቴል፣ ወደ አየር ጤና ወይም ወደ ኮልፌ የሚወስደውን ታክሲ ለመያዝ መሰለፍ አለበት። ከሁለት ኮርሶች አንዱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌላው ሐሙስ ማታ ቢሆን፣ ምርጫውን የሚያደርግለት የኮርሱ ይዘት ሳይሆን ታክሲው ነው። ይህ ነገር በየትኛውም የትምህርት ካታሎግ ላይ አልተጻፈም።

የከተማዋ የቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመር፣ ምዕራባዊ መጨረሻው ጦር ኃይሎች ሲሆን፣ የማኔጅመንት ትምህርትን አድራሻዎች እንደ ክር ያያይዛል። ሜክሲኮ የወረደ ሰው ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። ይህ ተቋም በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀድሞው ኮሜርስ ነው። ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲም ከዚያው ከሜክሲኮ አካባቢ አይርቅም። ወደ ምሥራቃዊ መጨረሻው፣ ወደ አያት፣ ሲቀጥል ደግሞ አንዱ ጣቢያ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት፣ ሌላው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

ባቡሩ ራሱ በብዙ ተማሪ ዘንድ የሚወደደውን ኢሌክቲቭ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንትን፣ ለማስተማር የተመቸ ምሳሌ ነው። ኮርሱ የሥራን ወሰን መቁረጥን፣ ሥራውን ወደ ንዑሳን ተግባራት መከፋፈልን፣ የትኛው ተግባር ቢዘገይ ጠቅላላውን እንደሚያዘገይ ማስላትን፣ በጀትንና ስጋትን ይመለከታል። በእነዚህ መለኪያዎች የቀላል ባቡሩ ፕሮጀክት መልካም ውጤት የሚያገኝ ነው። 475 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለትና አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የመጣለት ይህ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሠርቶ፣ የጦር ኃይሎች መስመር በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሰው ማመላለስ ጀመረ። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮጀክት ማኔጅመንት ርክክብ ሲፈጸም ትምህርቱን ይጨርሳል፤ ጥገና፣ የመለዋወጫ ክምችት፣ የውጭ ምንዛሪና የቲኬት ዋጋ የኦፕሬሽንና የፋይናንስ ጉዳዮች ናቸው። አንዱን ኢሌክቲቭ ብቻ ወስዶ የሚወጣ ተማሪ ግማሹን ታሪክ ይዞ ይወጣል።

ከሁሉም ይልቅ ዕጣው የተለወጠው የኢንቨስትመንትና ፖርትፎሊዮ አስተዳደር ኮርስ ነው። ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ ሥር የተጀመረ አነስተኛ የአክሲዮን መገበያያ ነበር፤ ደርግ ድርጅቶችን ሲወርስ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ተማሪው የአክሲዮን ዋጋ መዋዠቅን የሚያሰላው በኒውዮርክ ወይም በናይሮቢ ቁጥሮች ነበር። የባንክ አክሲዮን የገዛ የክፍል ጓደኛው ግን አክሲዮኑን መሸጥ ሲፈልግ ገዢ የሚፈልገው በሰው በሰው ነበር። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በዚያው ዘመን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያም የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕግ ተሻሻለ። ዓለም አቀፍ ፋይናንስ፣ ቀድሞ ለፈተና ብቻ የሚጠና ኮርስ፣ አሁን አስመጪውንም የባንክ ሠራተኛውንም በቀጥታ የሚነካ ሆኗል።

የጥራት አስተዳደር ኮርስ ሌላ መንገድ ተከትሏል። ካይዘን፣ ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ከጃፓን ጋር በተደረገ ትብብር በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ከቶዮታ ሌላ የአገር ውስጥ ፋብሪካም መጥራት ይችላል። ኢንተርፕሩነርሺፕ በመጀመሪያ ዲግሪም ስለሚሰጥ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ብዙ ጊዜ ድግግሞሽ ይሆናል፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠ የንግድ ዕቅድ አስረክቦ ኤ ማግኘት የሚቻልበት ኮርስ ነው የሚባለውም ያለ ነገር አይደለም።

አንዳንድ ኢሌክቲቭ አድጎ ራሱን የቻለ ዲግሪ ይሆናል። ፕሮጀክት ማኔጅመንት እንዲሁም ሎጂስቲክስና የአቅርቦት ሰንሰለት ዛሬ በኮሜርስ የማስተርስ ፕሮግራም አላቸው። የሆስፒታል አስተዳደርም እንዲሁ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የሆስፒታልና የጤና ተቋማት አስተዳደር ማስተርስ ጀመረ፤ ዓላማውም ሆስፒታሎችን በሥራ አስኪያጅነት የሚመሩ ሰዎችን ማሠልጠን ነበር። ለጦር ኃይሎች ሠፈር ስሙን የሰጠውን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ያየ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ እንዲህ ባለ ተቋም ውስጥ የመድኃኒት ግዢ፣ የተረኛ ድልድል፣ የካርድ ክፍልና የማስተማር ሥራ በአንድ ግቢ ይካሄዳሉ፤ አንድ የ3 ክሬዲት ኮርስ ይህን ሁሉ አይሸፍንም።

ለኤምቢኤ ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ከካታሎጉ ይልቅ ባለፉት ሁለት ዓመታት በእርግጥ የተከፈቱትን ኢሌክቲቮች፣ ማን እንዳስተማራቸውና በየትኛው ሰዓት እንደተሰጡ ከሬጅስትራርና ከነባር ተማሪዎች ይጠይቅ። ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ቢሆን ይሻላል።