ተልቂን በስልክ፦ ከቀፊራ ሰፈር አንጻር

ቁርኣን ከመጽሐፍ ብቻ የሚወሰድ ትምህርት አይደለም፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ ሰምቶ፣ መልሶ አንብቦና ታርሞ የሚቀበለው አደራ ነው። ዑለማእ ይህን መንገድ ተልቂን ይሉታል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ የርቀት ትምህርት አስፈላጊነት ጎልቶ ታየ። ታዲያ ተልቂን በስልክ ይሟላልን?

መልሱ በፊደላቱ መውጫ፣ በመኻሪጅ፣ ላይ ይመሠረታል። በድሬዳዋ ቀፊራ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ተናጋሪዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሶማሊኛ ሓእንና ዐይንን ስለሚለይ ተናጋሪው በእነዚህ አይቸገርም፤ ዛሬ በሚነገረው አማርኛ ግን ሐ ከሀ፣ ዐ ከአ በድምፅ ስለማይለዩ ተማሪው ልዩ እርማት ይሻል። ስለዚህ አንድ የተቀዳ ትምህርት ለሁሉም መላክ አይበቃም።

መሣሪያውም ወሰን አለው። የተለመደው የስልክ ጥሪ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ያስተላልፋል፤ ሲንን ከሣእ የሚለየው ፉጨት ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። መምህሩ ስሕተቱን ላይሰማ ይችላል። በመሆኑም ተማሪው ንባቡን ቀድቶ በድምፅ መልእክት ይላክ፤ ለሣእም የምላሱን ጫፍ በጥርሶቹ መካከል በምስል ያሳይ። ኢንተርኔት ለሌለው ደግሞ በሰፈሩ መስጊድ በየሳምንቱ የሚያደምጠው የበሰለ ደረሳ ይመደብለት።

ርቀት ለሙራጀዓ ይረዳል፤ የመጨረሻው እርማትና ኢጃዛ ግን ፊት ለፊት ቢሆን ይመረጣል። ወላሁ አዕለም።