በአሜሪካ ክፍላተ ሀገር የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች ስለሚመረጡበት ሥርዓት

የአሜሪካ መንግሥት 50 ክፍላተ ሀገር ተባብረው የሚኖሩበት መንግሥት ነው። እያንዳንዱም ክፍለ ሀገር የራሱ ገዥ፣ የራሱ ፍርድ ቤት፣ ደግሞም የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። በዋሽንግተን ከተማ የሚሰበሰበው ታላቁ ምክር ቤት ስለ ሀገሩ ሁሉ ሲመክር፣ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ወደ ባላገሩ ደጃፍ ቀርቦ የሚነካውን ነገር ይወስናል። ይኸውም የትምህርት ቤት ገንዘብ፣ የመንገድ ሥራ፣ የውሃ ክፍያ፣ ግብርና የወንጀለኛ ቅጣት ነው።

ይህ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት በ49ኙ ዘንድ ሁለት ቤት ነው፤ አንደኛው የላይኛው፣ ሁለተኛው የታችኛው ይባላል። ኔብራስካ የሚባለው ክፍለ ሀገር ብቻ በ1934 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከ1937 ጀምሮ በአንድ ምክር ቤት ይተዳደራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በኢትዮጵያ በ1931፣ በእኛ አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የላይኛውን ቤት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ የታችኛውን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ብሎ ሰይሞ ነበርና፣ በዚህም ጽሑፍ የላይኛው ቤት በዚያው ስም ይጠራል። ነገር ግን በዚያ ሕገ መንግሥት የመወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፤ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር አባሎች ግን ከሕዝብ በድምፅ ይመረጣሉ።

ሁለት ቤት የማድረጋቸው ምክንያት በአንዱ የታሰበው ሕግ በሌላው እንደገና እንዲመረመር ነው። ስለዚህ ሕግ ለማውጣት የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ሕግን ለማስቀረት ግን የአንዱ እንቢታ ይበቃል። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበል፤ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ክርክር ሁሉ ከዚሁ የመጣ ነውና።

የምርጫው አኳኋን በየክፍለ ሀገሩ ጥቂት በጥቂት ይለያያል፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያን እንመልከት። ካሊፎርኒያ በ40 የምርጫ ወረዳ ተከፍሎ ከየወረዳው አንድ አንድ ሰው ለመወሰኛው ምክር ቤት ይመረጣል። ዘመኑ አራት ዓመት ነው። ሁሉም ግን በአንድ ቀን አይመረጡም፤ 1፣ 3፣ 5 እየተባለ የሚቈጠሩት ወረዳዎች በአንዱ ምርጫ፣ 2፣ 4፣ 6 እየተባለ የሚቈጠሩት ከሁለት ዓመት በኋላ በሚሆነው ምርጫ ይመርጣሉ። እንዲህም በመሆኑ ምክር ቤቱ አሮጌውን ዐዋቂና አዲሱን ሰው ቀላቅሎ ይይዛል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ በመራጭነት ከተመዘገበ ወንድ ሴት ሳይባል የምርጫ ወረቀት ይደርሰዋል። አስቀድሞ በሚደረገው ምርጫ እጩዎቹ ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጽፈው ይቀርባሉ፤ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ፣ ወገናቸው አንድም ቢሆን፣ ወደ ኅዳሩ ምርጫ ያልፋሉ፤ ከሁለቱም የበለጠ ድምፅ ያገኘው ይገባል። የሰጠውን ድምፅ ሌላ ሰው ማየት አይገባውም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ድምፁን መቍጠር አይደለም፤ ወረዳውን መክፈል ነው። በአንድ ገበያ ስማቸው አንድ የሆነ፣ መጠናቸው ግን የማይተካከል ሁለት ቍናዎች ቢኖሩ ገዢው ሳያውቅ ይጐዳል፤ ሁለቱም ቍና ይባላሉና። እንደዚሁም በአንድ ወረዳ አምስት ሺህ ሰው አንድ አባል ቢመርጥ፣ በሌላው ደግሞ መቶ ሺህ ሰው አንድ አባል ቢመርጥ፣ ሁሉም ድምፅ ሰጠ ይባላል፤ የሁለተኛው ወረዳ ሰው ድምፅ ግን የፊተኛውን ሃያ እጅ ያንሳል።

በአላባማ ክፍለ ሀገር የሆነው እንዲህ ነበር። የአላባማ ሕገ መንግሥት በ1901 ሲወጣ የወረዳው አከፋፈል በየዐሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቈጠራ በኋላ እንዲታደስ ያዝ ነበር። ነገር ግን የምክር ቤቱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በላይ ሳያድሱት ቀሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አከፋፈሉን የሚያድሱት እነርሱ ራሳቸው ናቸውና ብዙዎቹ ወንበራቸውን በገዛ እጃቸው ባጡ ነበር። በዚህ መካከል ሕዝቡ ከእርሻ ወደ ከተማ ፈለሰ። በርሚንግሃም የሚባለው የብረት ማቅለጫ ከተማ ያለበት የጄፈርሰን አውራጃ በ1960 ቈጠራ ከ600,000 ሰው በላይ ነበረው፤ የላውንድስ አውራጃ ግን 15,417 ሰው ብቻ ነበረው። ሆኖም ከ35ቱ የመወሰኛው ምክር ቤት አባሎች ለጄፈርሰን አንድ፣ ለላውንድስም አንድ ነበር። ከመቶው 25 ያህል የሚሆነው ሕዝብ የሚኖርባቸው ወረዳዎች ከምክር ቤቱ እኩሌታ የሚበልጡትን አባሎች ይመርጡ ነበር።

ደግሞም ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ከላውንድስ ሰዎች ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ጥቁሮች ሲሆኑ፣ እስከ 1965 መጀመሪያ ድረስ ከእነርሱ አንድ እንኳ በመራጭነት የተመዘገበ አልነበረም። ስለዚህ ጥቁሩ ሰው የወረዳው ሕዝብ ሲቈጠር ይቈጠር ነበር፤ ምርጫው ሲመጣ ግን እንደሌለ ነበር። የላውንድስን ወንበር የሚሰጡት ጥቂቶቹ ነጮች ነበሩ።

የጄፈርሰን አውራጃ ነዋሪዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ቀድሞ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ነገር የፖለቲካ ጉዳይ ነው እያሉ አይሰሙም ነበር፤ በ1962 ግን ከቴኔሲ ክፍለ ሀገር በመጣ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ለመስማት ሥልጣን እንዳለው ፈረደ። የአላባማውም ክስ ሰኔ 15 ቀን 1964 ዓ.ም. ተፈረደ። ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ ሲስማሙ አንዱ፣ ጆን ሃርላን፣ ተቃወመ። የዳኞቹ አለቃ ኧርል ዋረን በጻፈው ፍርድ፣ ሕግ አውጪዎች የሚወክሉት ሰውን እንጂ ዛፍን ወይም የመሬት ስፋትን አይደለምና፣ የክፍላተ ሀገር ሁለቱም ምክር ቤቶች በሕዝብ ቍጥር ተተካክለው በተከፈሉ ወረዳዎች እንዲመረጡ ታዘዘ።

አላባማም፣ በዋሽንግተን ባለው መወሰኛ ምክር ቤት ትልቁም ትንሹም ክፍለ ሀገር እኩል ሁለት ሁለት ሰው ይልክ የለምን ብላ ተከራክራ ነበር። ፍርዱም እንዲህ ሲል መለሰ፤ ክፍላተ ሀገር አስቀድመው ለራሳቸው የቆሙ ሳሉ በውል የተባበሩ ናቸው፤ አውራጃዎች ግን ክፍለ ሀገሩ ለአስተዳደር ብሎ የከፈላቸው ናቸውና ምሳሌው አይስማማም። በዚያው ቀን በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር ላይ የተሰጠው ፍርድ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የጠነከረ ነበር። የኮሎራዶ ሕዝብ በ1962 ያልተካከለውን አከፋፈል በገዛ ድምፁ ወዶ ተቀብሎት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን የአንዱን ሰው መብት ብዙዎቹ በድምፅ ሊያስቀሩት አይችሉም ብሎ አፈረሰው። በዚህኛው ሦስት ዳኞች ተቃውመዋል።

የባላገሩ ወገን ያለ ምክንያት አልጮኸም። በካሊፎርኒያ በ1926 በሕዝብ ድምፅ በወጣው ሥርዓት ለአንድ አውራጃ ከአንድ የበለጠ የመወሰኛ ምክር ቤት አባል አይሰጥም ነበር። ስለዚህ በ1960ዎቹ ዓመታት ከስድስት ሚሊዮን ሰው በላይ የነበረበት የሎስ አንጀለስ አውራጃ አንድ አባል ሲኖረው፣ አልፓይን፣ ኢንዮና ሞኖ የሚባሉት ሦስት ተራራማ አውራጃዎች በአንድነት 14,294 ሰው ይዘው እነርሱም አንድ አባል ነበራቸው። ልዩነቱ ከአራት መቶ እጅ በላይ ነው። ነገር ግን የኢንዮ ሰው ሎስ አንጀለስን መፍራቱ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። ከተማው መሬታቸውን እየገዛ በ1913 በተፈጸመው ረጅም ቦይ የኦወንስን ወንዝ ውሃ ወስዶት ነበርና፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንዙ ይገባበት የነበረው ሐይቅ ደረቀ። እንዲህ ያየ ገበሬ በላይኛው ቤት አንድ እንቢ የሚልለት ሰው ቢፈልግ አይፈረድበትም። ሆኖም የጥቂቶቹ መጠበቂያ ሌላ ነው፤ የውሃ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ካሣ አለ፤ ስለ አንዱ ገበሬ ሥጋት አራት መቶ ሰዎች ድምፃቸውን ማጣታቸው ግን መጠኑን ያለፈ ዋጋ ነበር።

ኧርል ዋረን ራሱ አስቀድሞ የካሊፎርኒያ ገዥ በነበረ ጊዜ፣ በ1948፣ ይህ የካሊፎርኒያ ሥርዓት እንዳይለወጥ ተከራክሮ ነበር። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የፈረደው በቀድሞ ቃሉ ላይ ነው። ገዥ ሳለ የተናገረውን ዳኛ ሲሆን አለመድገሙ የሚያስነቅፈው አይመስልም።

ከፍርዱ በኋላ በዋሽንግተን ያለው የመወሰኛ ምክር ቤት አባል ኤቨረት ዲርክሰን ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ፍርዱን ለመመለስ ሞከረ፤ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ድምፅ ስላላገኘ ቀረ። ሎስ አንጀለስም በ1966 ምርጫ ከአንድ አባል ወደ ከዐሥር በላይ አባሎች ወጣ። በላውንድስ ደግሞ የመምረጥ መብት ሕግ በነሐሴ 1965 ከተፈረመ በኋላ ጥቁሮች መመዝገብ ጀመሩ።

ነገር ግን የሰው ቍጥር ቢተካከልም ተንኰል ሁሉ አላለቀም። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለመወሰኛው ምክር ቤት ምርጫ ወገኑን የሚጠቅም የወረዳ አከፋፈል ፈርሞ አጽድቆ ነበር። ከወረዳዎቹ አንዱ እየተጠማዘዘ የሚሄድ በመሆኑ ሳላማንደር በሚሉት እንሽላሊት መሰል አውሬ ተመስሎ በጋዜጣ ተሣለ፤ የገዥው ስምና የአውሬው ስም ተጋጥሞም ጄሪማንደር የሚባል ቃል ወጣ። በዚያም ምርጫ የተቃዋሚው ወገን በጠቅላላው የበለጠ ድምፅ ሲያገኝ፣ የገዥው ወገን ከ40 ወንበር 29ኙን ወሰደ። የአሠራሩ ጥበብ ተቃዋሚዎችን በጥቂት ወረዳ አጭቆ፣ የቀሩትን በየቦታው ጥቂት ጥቂት አድርጎ መበተን ነው።

ዛሬም በብዙ ክፍላተ ሀገር ድንበሩን የሚያሠምሩት የምክር ቤቱ አባሎች ናቸው። ካሊፎርኒያ ግን በ2008 በሕዝብ ድምፅ ይህን ሥራ ከእነርሱ ወስዶ 14 ሰዎች ላሉበት ጉባኤ ሰጠ፤ አምስቱ ከአንደኛው ትልቅ ወገን፣ አምስቱ ከሁለተኛው፣ አራቱ ከሁለቱም ያልሆኑ ናቸው። ይህም ጉባኤ በ2011ና በ2021 የመወሰኛውን ምክር ቤት 40 ወረዳዎች አሠምሯል። ዛሬ በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለ፤ ድንበሩም ከ2030 የሕዝብ ቈጠራ በኋላ እንደገና ይሠመራል።