በኩሬና በሐይቅ ላይ ስለሚታየው አረንጓዴ መርዝ፤ በሚዋኙ ሰዎችና በሚጠጡ ከብቶች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

በመንዝና በግሼ በመርሐ ቤቴም ደጋ የሚገኙ አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለይዞታዎች ይህን አርእስት ባዩ ጊዜ «በኛ አገር ሐይቅ የለም፤ የዋና ነገር ለባሕር ዳርና ለቢሾፍቱ ሰው ይጻፍ» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም ብዙ ኩሬ ተቆፍሯል። ኩሬ ባለበት ደግሞ እረኛ አለ፤ እረኛም ፀሓይ ሲበረታበት ልብሱን ከዳር ጥሎ ይገባል። ለዚህ ልጅ ሐይቁ ያ ኩሬ ነው። በጎቹም ከዚያው ይጠጣሉ። ስለዚህ በሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች የሚፈሩት ነገር በዚህም አገር ሊደርስ የሚችል ስለ ሆነ ሹማምንት ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባል።

ነገሩ አልጌ የሚባለው ነው። አልጌ በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ብዙው ዐይነት አንድ በአንድ ለዐይን የማይታይ ረቂቅ ፍጥረት ነው፤ ከነዚህም መካከል ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው ወገን በእውነቱ ከባክቴሪያ ዘር የሚቆጠር ነው። በማናቸውም ውሃ ውስጥ ጥቂት ሆኖ ይኖራል፤ ጥቂት በሆነ ጊዜ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ውሃው ጸጥ ብሎ ሲቆም፣ ፀሓይም ሲያሞቀው፣ ከዳሩም እበትና በጠጥ የእርሻ ማዳበሪያም በጎርፍ ተጠርጎ ሲገባበት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ እጅግ ይበዛና ውሃውን እንደ ጎመን ጭማቂ ያደርገዋል። ምግቡ ፎስፎርና ናይትሮጅን የሚባሉት ናቸው። እኒህ ማሳን የሚያለሙት እነዚያው ናቸው፤ ለገብሱ የሚበጀው ወደ ኩሬ የገባ እንደ ሆነ ለመርዙ ቀለብ ይሆናል።

ማይክሮሲስቲስ የተባለው ዐይነት በሰውነቱ ውስጥ አየር የሚይዝ ረቂቅ ከረጢት ስላለው፣ ነፋስ በሌለበት ጊዜ፣ ይልቁንም በማለዳ፣ ወደ ውሃው ፊት ተንሳፎ ይወጣል። ሲወጣም እንደ ወተት ስልባቦት ይጋገራል፤ መልኩ ግን አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ይመስላል። በኋላ ነፋስ ሲነሣ ያን ስልባቦት ገፍቶ ወደ አንድ ዳር ያከማቸዋል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ኩሬ አንዱ ዳር ጥሩ ሲመስል ሌላው ዳር እጅግ የከፋ ይሆናል። ከብት አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚጠጣው፣ ሕፃንም የሚንቦጫረቀው ከዳር ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መርዙ ከተከማቸበት ስፍራ ነው።

መርዙ ሁለት ዐይነት ነው ቢባል ለዚህ ጽሑፍ ይበቃል። አንደኛው ማይክሮሲስቲን የሚባለው ነው፤ ይኸውም ጉበትን ይመታል። ሁለተኛው ነርቭን የሚይዝ ሲሆን እንስሳውን አንገዳግዶ፣ አንቀጥቅጦ፣ መተንፈስ ከልክሎ ይገድለዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1878 ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ ሰው በደቡብ አውስትራሊያ በአሌክሳንድሪና ሐይቅ ዳር ከብት ለምን እንደሚያልቅ መርምሮ በጻፈው ቃል፣ ያን አረንጓዴ ስልባቦት የጠጣ በግ ከአንድ ሰዓት እስከ ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፈረስም ከስምንት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይሞት እንደ ነበር ገልጿል። ለመንዝ ሰው የበግ ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በዚህ አገር በግ ሲሞትና ጉበቱ ተበላሽቶ ሲገኝ የጉበት ትል ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን የጉበት ትል ብዙውን ጊዜ በጉን እያከሳ፣ ከመንጋጋውም በታች እያሳበጠ በወራት የሚጥለው ሲሆን፣ የአልጌ መርዝ ያገኘው በግ በዋለበት ቀን ወይም በማግስቱ፣ ያውም ከውሃው አጠገብ ወድቆ ይገኛል። ከሞት የተረፈውም ጠጉር በሌለበት ስፍራ፣ በጆሮውና በአፍንጫው ላይ፣ ፀሓይ ያቃጠለው መስሎ ይላጣል። ብዙ በግ ባንድ ቀን በአንድ ኩሬ ዳር የሞተ እንደ ሆነ፣ ሥጋው ሳይበላ የእንስሳት ሐኪም እንዲያየው ማድረግ ያስፈልጋል።

በአገራችን ይህ ነገር በእርግጥ የታየባቸው ውሆች አሉ። የታወቀው ቆቃ ነው። ቆቃ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ግድቡ ባለቀ ጊዜ የአዋሽን ውሃ ይዞ የተፈጠረ ሐይቅ ሲሆን፣ አዋሽ የአዲስ አበባን እድፍ፣ የሞጆ ወንዝም የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዘው ይገቡበታል። በዚህ ምክንያት ማይክሮሲስቲስ ሠልጥኖበት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ በዳሩ የሚኖሩ ባላገሮች ግን ሌላ ውሃ ስለሌላቸው ከዚያው ሲቀዱና ሲታጠቡ ኖረዋል። በጣናም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ድፍርሱ ሲጠራ ማይክሮሲስቲስ እንደሚበዛ የመረመሩት ሊቃውንት ጽፈዋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና የታወቀው እምቦጭ ሌላ ነገር ነው፤ እምቦጭ ቅጠል ያለው አረም ስለ ሆነ ሁሉ ያየዋል፣ ዘመቻም ይወጣበታል፤ አልጌውን ግን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

«ቆቃ ቆላ ነው፣ የኛ አገር ግን ብርድ ነው» የሚል ይኖራል። ብርድ አልጌውን እንደሚያዘገየው እውነት ነው፤ በጓሣ ሜዳ ያለ ውሃና በጀማ በረሃ ያለ ውሃ እኩል አያሰጉም። ነገር ግን ለአዲስ አበባ መጠጥ ውሃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሆኖ ሳለ መርዘኛ አልጌ ተገኝቶበታል። ስለዚህ ደጋነት ብቻውን ዋስ አይሆንም፤ ለመርሐ ቤቴ ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ይህም ዋስ የላቸውም።

አረንጓዴ ውሃ ሁሉ መርዝ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅ መልኩን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባለው አልጌ ነው፤ ይህንንም ዐይነት በቻድ የካነም ሰዎች ከሐይቅ ጠልፈው በፀሓይ አድርቀው ይመገቡታል። ነገር ግን ምግቡንና መርዙን በዐይን ብቻ መለየት ለሊቅም አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ሹም የሆነ ሰው የማያውቀውን አረንጓዴ ሁሉ እንደ መርዝ ቢቆጥረው አይወቀስበትም።

በሰው ላይ የሚደርሰው እንዲህ ነው። በዚህ ውሃ የሚዋኝ ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፤ ዐይኑ ይቀላል፤ ውሃውን የዋጠ እንደ ሆነም በጥቂት ሰዓት ወይም በማግስቱ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል። ብዙ የዋጠ ጉበቱ ይጎዳል። በውሃው ላይ በጀልባ የሚሄድ ሰው እንኳ የሚረጨውን ጠብታ በመተንፈስ ሊታመም ይችላል። ሕፃናት ሲጫወቱ ብዙ ውሃ ስለሚውጡ፣ ሰውነታቸውም ትንሽ ስለ ሆነ፣ አደጋው በነሱ ላይ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት ዘወትር ለሚጠጣ ውሃ በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም፣ ለሚዋኙበት ውሃ ደግሞ 24 ማይክሮግራም ማይክሮሲስቲን ልክ አድርጎ ወስኗል፤ አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። መርዙ በሰው ደም ውስጥ በቀጥታ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በ1996 በብራዚል በካሩዋሩ ከተማ ታይቷል፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን ደማቸው በሚታጠብበት ውሃ ውስጥ መርዙ ስለ ነበረ ከሃምሳ በላይ የሚሆኑ ሞቱ።

ከመርዙ ይልቅ አስቸጋሪው የተሳሳተ መድኀኒት ነው። ማፍላት አይጠቅምም፤ ማይክሮሲስቲን በእሳት አይጠፋምና፣ ይልቁንም አልጌው ሲፈነዳ መርዙ ወደ ውሃው ይወጣል። በነጠላ ማጥለልም እንዲሁ ከንቱ ነው። መዳብ ያለበትን ሰማያዊ ጨው ከውሃው መጨመር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። በ1979 በአውስትራሊያ ፓልም በምትባል ደሴት በመጠጥ ውሃ ግድብ ላይ የበዛውን አልጌ ለመግደል ይህን ጨው ጨመሩ፤ አልጌው ሞተ፣ መርዙም ባንድ ጊዜ ተለቀቀ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ 148 ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሕፃናት፣ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ተጎድቶ ታመሙ። በእንግሊዝ አገር የገብስ ገለባ በኩሬ እየጨመሩ አልጌ እንዳይበዛ ሞክረዋል፤ አንዳንድ ስፍራ ሠርቷል፣ አንዳንድ ስፍራ አልሠራም። አንድ ጊዜ የበዛውን አልጌና መርዙን ግን አያጠፋም፤ ገለባውን ለበግ ማብላት ይሻላል።

አንድ ኩሬ የተጠረጠረ እንደ ሆነ የቀበሌው ሹም ወይም የግብርና ባለሙያው በዚህ ዐይነት ይፈትነው። እጁን በላስቲክ ጓንት ሸፍኖ ውሃውን በንጹሕ ጠርሙስ ይቅዳና ሳይነካ ያሳድረው። በማግስቱ አረንጓዴው ከላይ ተንሳፎ ከተገኘ ክፉው ዐይነት ሊሆን ይችላል፤ ከታች ከዘቀጠ ሌላ ዐይነት ይሆናል። ደግሞም በበትር ሲያነሡት እንደ ረጅም ጠጉር የሚጎተት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ በትሩን እንደ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ግን ያስፈራል። እርግጡን የሚሰጥ የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ሰውም ከብትም እንዳይገባ ይከልክል። ጠርሙሱም ከዚያ በኋላ ለጠጅ አይመለስም።

ክልከላው የሚጸናው ግን ሌላ ውሃ ሲሰጥ ነው። እረኛን «አትግባ»፣ ባለበግን «አታጠጣ» ብሎ ምንጩን ወይም ጉድጓዱን ሳያሳዩ መሄድ ትእዛዙን ማስናቅ ነው። ስለዚህ ኩሬ ያለበት ቀበሌ ሁሉ አስቀድሞ መጠባበቂያ ውሃ ይወስን። ኩሬውም ይታጠር፤ ውሃው ከዳር ራቅ ብሎ በተሠራ ገንዳ ለከብት ይቀዳ፤ ከብት ወደ ኩሬው ካልገባ እበቱና በጠጡ ከውጭ ይቀራልና። ከኩሬው በላይ ያለው መሬት እስከ አፋፉ ድረስ አይታረስ፤ ጎርፉን የሚያጣራ ሣር ይተውለት። ይህ ሥራ የሚጠቅመው ለኩሬው ብቻ አይደለም፤ ከመንዝ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ በጀማ አድርጎ ወደ ዐባይ ይወርዳል፣ በዐባይም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቅ ግድብ ይደርሳል።

የጥምቀትን ውሃ በሚመለከት፣ ለበዓሉ የሚከተር የወንዝ ውሃ በአንድ ሌሊት አልጌ አያበቅልም፤ የቆየ ኩሬ ጥምቀተ ባሕር በሚሆንበት ስፍራ ግን ሹማምንት ከካህናቱ ጋራ ሆነው ከበዓሉ አስቀድሞ ውሃውን ይመልከቱ። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ወሎ ሐይቅ ለጉብኝት የሚሄዱ ተማሪዎች ያሏቸው መምህራንም፣ እስከ ጉልበት ገብተው እግራቸውን ማየት ባልቻሉበት አረንጓዴ ውሃ ልጆቹን እንዳያዋኙ ይነገራቸው። ከሐይቅ የተጠመደ ዓሣም ሆድ ዕቃውና ጉበቱ ተጥሎ፣ ሥጋው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይበላ።

በመርዘኛ ውሃ የታጠበ ሰው ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ የታመመ እንደ ሆነም ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መርዙን የሚያፈርስ የታወቀ መድኀኒት ስለሌለ ሐኪሙ የሚያክመው ሕመሙን ነው፤ ስለዚህ የገባበትን ኩሬና ሰዓቱን መንገር ይገባል። አረንጓዴው ጠፍቶ ውሃው የጠራ በመሰለ ጊዜ ወዲያው አይከፈት፤ አልጌው ከሞተ በኋላ መርዙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላልና፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠበቅ። በዳር ደርቆ የቀረውም ቅርፊት መርዙን ስለሚይዝ ውሻና ጠቦት እንዳይልሱት ተጠርጎ ከኩሬው ርቆ ይቀበር።