ጢሱ ያለቀ ከሰል ለምን ይገድላል?

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲከረንስ ከተባለው የግራር ዝርያ የሚከስለው ከሰል በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይጋዛል። በምዕራብ ጎጃም ከተሞችም ከሰል ቡና ያፈላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቤት ያሞቃል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ከሰልን የምንፈራው እስኪቀጣጠል ድረስ ነው። ጢሱን ውጭ አስጨርሶ ፍሙን ማስገባት መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ገዳዩ ጋዝ ከጢሱ ጋር አብሮ አያልቅም።

ምድጃውን ልብ ብለው ይመልከቱ። አየር ከታች ገብቶ ከፍሙ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላ የጋለ ፍም ያገኛል። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ ከፍሙ ካርቦን ቦጭቆ ይወስድና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ አንዱ ሞለኪውል ሁለት ሆኖ ይወጣል። በፍሙ አናት ላይ አንዳንዴ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው። ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ቤቱ ይገባል። አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው።

ከምድጃ ወደ ኒውክሌር ጣቢያ መዝለል ሩቅ ይመስላል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ የተመረቀው የካልደር ሆል ጣቢያ ማብላያዎች ውስጣቸው ግራፋይት ነበር፤ ሙቀቱን እየወሰደ የሚያወጣውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ግራፋይት የእርሳስ ልብ የሚሠራበት ነገር ሲሆን እንደ ከሰሉ ካርቦን ነው። ስለዚህ ጋዙ ግራፋይቱን በልቶ እንዳይጨርሰው ሙቀቱን መገደብ ግድ ሆነ። በኋላ በተሠሩት ማብላያዎች ጋዙ ከ600 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ቢወጣም ግራፋይቱ ግን ቀዝቀዝ ባለ ጋዝ እየታጠበ እንዲቆይ ተደረገ። ጨረር ያለ ብዙ ሙቀትም ጋዙን ስለሚያነቃው ሚቴን ተጨመረበት። የእኛ ምድጃ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለው፤ ዕጣን ቢጨስም አይወገድም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ለጉንፋን አይስጡት። በሩን ከፍተው ሰዉን ያውጡ፤ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታልም ያድርሱ። ምድጃው ደግሞ ከመኝታ በፊት፣ ፍሙ የሞተ ቢመስልም እንኳ፣ ውጭ ይደር።