ከመድረክ ወደ ካሜራ የዘገየው ሳቅ

እ.ኤ.አ. በ1898 ፕራግ ውስጥ በተከፈተ ዐውደ ርእይ ላይ ያን ክርዢዜኔትስኪ የመጀመሪያዎቹን የቼክ ፊልሞች አነሣ። ካሜራው ፊት ያቆመው ዮሴፍ ሽቫብ ማሎስትራንስኪ የተባለ የመድረክ ቀልደኛ ነበር። «ሳቅና ልቅሶ» በተሰኘው አጭር ሥራቸው የሚታየው የዚህ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ቼኮች ገና ከጅምሩ ፊልምን ከኮሜዲ ጋር አገናኙት። እኛ በኮሜዲ የጀመርነው ቲያትርን ነው፤ ፊልማችን ሳቅ እስኪያገኝ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

የመጀመሪያው ተውኔታችን፣ ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ አዲስ አበባ ላይ ሲቀርብ፣ በአውሬዎቹ ውስጥ የራሳቸውን መልክ ያዩ ሹማምንት አልወደዱትም። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት፤ መድረኩም እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ኮሜዲን ለወግ ለማዕረግ ያበቃው፣ በእኔ ግምት፣ መንግሥቱ ለማ ነው። «ያላቻ ጋብቻ» የተሰኘውን ተውኔቱን እንውሰድ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ሰው ዘር አዲስ አበባን ትቶ ገጠር ያስተምራል፤ የቤት ሠራተኛውን ይወዳል። አክስቱ ይህን ሲሰሙ የሚሆኑትን መሆን ነው እንግዲህ ተመልካቹን የሚያስቀው። ማንም ለማሳቅ ብሎ አይናገርም፤ ሁሉም እውነቱ እኔ ጋ ነው ብሎ ከልቡ ይሟገታል። «ጠልፎ በኪሴ»ም ጠለፋን ያህል ከባድ ነገር በዚሁ መንገድ ይፈትሻል። መንግሥቱ ለንደን ተምሯል፤ ጆሮው ግን «የአባቶች ጨዋታ» ብሎ ካሳተማቸው ወጎች አልራቀም።

ፊልሙ በአንጻሩ በሐዘን ጀመረ። ኢላላ ኢብሳ በ1957 ዓ.ም. ለእይታ ያበቃው «ሂሩት አባቷ ማነው?»፣ በደም ካሣ ላይ የተሠራው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»፣ የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሁሉም ሸክማቸው ከባድ ነው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ፊልም ውድ ነበር፤ ለማሳጠብም ውጭ አገር መላክ ነበረበት። በዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ፊልም የመሥራት ዕድል የሚያገኝ ሰው የሆዱን ትልቁን ነገር ቢያስቀድም ይፈረድበታል?

ሳቁ የመጣው ዲጂታል ካሜራ ወጪውን ሲያቀልለው ነው። በሚሊኒየሙ ዋዜማ የወጣው የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» ሲኒማ ቤቶችን በሰልፍ አጨናነቀ፤ ከዚያ በኋላ የፍቅር ኮሜዲ የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች ዋና እንጀራ ሆነ። ብዙዎቹ ግን የሚያጠነጥኑት በቦሌ ቡና ቤቶችና በቪላ ሳሎኖች ዙሪያ ነው፤ ባሕር ዳር ብትታይም ለጫጉላ ሽርሽር ነው። ጣና ዳር ቁም ነገር ይዞ የመጣው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነበር፤ እሱም የአንድን ትውልድ ስብራት ይዞ።

ሐይቁ ግን የሳቅ አገር ነው። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው። ተክሌ የሚባለውን የአቋቋም ስልት ከጣና ማዕበልና ከዳርቻው ሸምበቆ መወዛወዝ እንደወሰዱት ይነገርላቸዋል፤ ሕዝቡ ግን ይበልጥ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። አንዲት ሴት አህያዋን እየነዳች ስትመጣ አለቃ «እንዴት አደራችሁ?» ብለው አለፉ። እሷም በአክብሮት መለሰች፤ አህያዋም አብራ ሰላምታ እንደተሰጣት የገባት ራቅ ካለች በኋላ ነው ይባላል።

ይህን ለመቅረጽ ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ መንገዱና አህያዋ ይበቃሉ። የሚቸግረው ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ታሪክ ገንዘብ የሚያወጣ ፕሮዲውሰር ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ጸሐፊና የፎገራን አነጋገር ሳያዛባ የሚናገር ተዋናይ እንኳ ባሕር ዳር አይጠፋም፤ የሙሉዓለም የባህል ማዕከልን መድረክ የተከታተለ ሰው ይህን ያውቃል።